በሙቀት ጊዜ ሰላጣ፦ ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሰላጣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ለማታውቁኝ፦ 12 ዓመት በሆቴል ወጥ ቤት፣ ቀዝቃዛ ምግብ በሚዘጋጅበት በኩል ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የጤና ጥያቄ የላካችሁ በዚያው ልክ ውሰዱልኝ።

ጥያቄዎቻችሁን ሳነብ መልካቸው ይለያያል እንጂ የአብዛኞቹ ሥር አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ውኃ። ኪያር ከመቶ 95 እጁ ውኃ ነው። ቲማቲምና ሰላጣ ቅጠልም ከዚያ አይርቁም፤ ሐብሐብ 92 ገደማ ነው። ፀሐይ ሲበረታ የምንመኛቸውም ለዚሁ ነው። ሥራው ያ ውኃ ሳህኑ ሥር ሳይሆን አፋችን ውስጥ እንዲፈስ ማድረግ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሰላጣ ሲባል ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ በቃ! ሙቀቱ የምግብ ፍላጎቴን ዘግቶታል፣ ይሄንንም ሰለቸሁት። እስቲ አዲስ ነገር ንገሪኝ።

መልስ፦ ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችን ነው። ቅጠሉንም ሰላጣ፣ ሳህኑን ሙሉም ሰላጣ ስለምንለው ቅጠሉ ከሌለ ሰላጣ የተሠራ አይመስለንም። ለአንድ ሳምንት ቅጠሉን እርሺው።

ሐብሐብ በትልልቁ ቁረጪ፤ ላዩ ላይ ጨዋማ ነጭ አይብ ፈርፍሪበት፣ ናና በእጅሽ ቀነጣጥበሽ ጣይ፣ ሎሚና ቁንዶ በርበሬ ጨምሪ። የአይቡ ጨው የሐብሐቡን ጣፋጭነት ያጎላዋል። ወይም ገና ጠንከር ያለ ማንጎ ከኪያር ጋር በቀጫጭኑ ሸንሽነሽ በሎሚና በደቀቀ ቃሪያ አሺው፤ ልታቀርቢ ስትይ የተቆላ ለውዝ ወቀጥ አድርገሽ በትኚበት።

የእኔ ምርጫ ግን ቀይ ሥር በብርቱካን ነው። ቀይ ሥሩን ከነልጣጩ ቀቅዪው፤ ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙም ጣዕሙም ውኃው ውስጥ ይቀራል። ሲበርድ ልጣጩ በጣት ይወልቃል። ከብርቱካን ጋር ስታዋህጂው ያ ብዙ ሰው የሚሸሸው አፈር አፈር የሚል ጣዕም ይለዝባል፤ ጎምዛዛ ነገር ነው የሚያበርደው። ቀይ ሥር አልወድም ሲሉ ቆይተው ሁለተኛ ሳህን የጠየቁኝ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላጣዬ 10 ደቂቃ ሳይሞላው ሾርባ ይሆናል። እንግዳ ፊት አፈርኩ።

መልስ፦ ጨውን መቼ ነው የምትጨምረው? ከትፈህ እንደጨረስክ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ጨው የተከተፈ አትክልት ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለውን ውኃ ወደ ውጭ ይስባል። አትክልቱ ይልፈሰፈሳል፣ ድሬሲንጉ (ሰላጣው ላይ የሚፈሰው የዘይትና የሎሚ ወይም የአቼቶ ውህድ) ይቀጥናል፣ ጣዕሙ ይጠፋል።

ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ጨውን ለመጨረሻው ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ሰዎቹ ከተቀመጡ በኋላ። ሁለተኛው ደግሞ ሆን ብለህ ቀድመህ ውኃውን ማስወጣት ነው፤ እኔ በኪያር ላይ ይሄን ነው የምሠራው። ኪያሩን ለሁለት ሰንጥቀህ የፍሬውን ክፍል በማንኪያ ፋቅ፣ ክተፈው፣ ትንሽ ጨው ነስንሰህ ማጥለያ ላይ 15 ደቂቃ ተወው፤ ከዚያ ጨመቅ አድርገው። ከእርጎና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ስታዋህደው ሲነከስ ድምፅ ያሰማል። ታዲያ ድጋሚ ጨው ከመጨመርህ በፊት ቅመሰው።

የቲማቲም ውኃ ግን እንዳይደፋ! ከፍሬው ጋር የሚወጣው ጭማቂ የቲማቲሙ ዋና ጣዕም ያለበት ነው። ከዘይትና ከአቼቶ ጋር ምታው፣ ድሬሲንግህ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ቅጠል በማግሥቱ ይጠወልጋል። ልጣለው?

መልስ፦ አትጣይው። ጠወለገ ማለት ውኃ ተጠማ ማለት ነው። በረዶ የተጨመረበት ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፊው፣ ቀጥ ብሎ ይነሣል። የሚያሙለጨልጭና የሸተተ ከሆነ ግን መጣል ነው።

ከዚያ አድርቂው። ይህን የሚዘነጋው ሰው ብዛት! እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይዝም፣ ተንሸራቶ ሳህኑ ሥር ይጠራቀማል። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ ማራገፍ ይበቃል። ለማጠቢያ ሳሙና እንዳትጠቀሚ፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ነጣጥሎ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ክብደት ልቀንስ ብዬ ሰላጣ ላይ ዘይት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ። ጥሩ አድርጌያለሁ አይደል?

መልስ፦ አላደረግሽም፣ ይቅርታ። የካሮት ቤታ ካሮቲን፣ የቲማቲም ላይኮፒን የሚባሉትን ጠቃሚ ንጥረ ነገሮች ሰውነታችን በደንብ የሚወስዳቸው ከስብ ጋር ሲሆን ነው። ያለ ዘይት ስትበዪ ብዙውን ሳትጠቀሚበት ታሳልፊዋለሽ። ለአንድ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ወይም ሩብ አቮካዶ፣ ወይም አንድ ጭብጥ ለውዝ በቂ ነው።

የተለመደው ልክ 3 እጅ ዘይት ለ1 እጅ ሎሚ ወይም አቼቶ ነው። በሙቀት ጊዜ እኔ ወደ 2 ለ1 አወርደዋለሁ፤ ጎምዘዝ ሲል ያነቃቃል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ብትጨምሪ ዘይትና ሎሚው ቶሎ አይለያዩም። ሁሉንም ክዳን ባለው ብርጭቆ ጨምረሽ ናጪው፣ አለቀ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፎ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት ግን አደገኛ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት እንዲህ ያለ ቦታ ይመቸዋል። የዕለቱን ብቻ አዘጋጂ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሰላጣ ሳቀርብለት «ሣር ነው እንዴ ያመጣሽልኝ?» ይላል። ለእራት የሚበቃ፣ ሆድ የሚይዝ ሰላጣ አለ?

መልስ፦ ባለቤትሽ ግማሽ እውነት አለው፤ ቅጠል ብቻውን እራት አይሆንም። ጥራጥሬ ነው የሚያስፈልግሽ። ምስር ብዙም ሳይፈርስ ቀቅይና ውኃውን አጥልለሽ ገና ትኩስ እያለ ሎሚና ዘይት አፍስሺበት። ትኩሱ ይጠጣዋል፣ የበረደው ግን ላዩን ብቻ ይረጥባል። ሲቀዘቅዝ ቲማቲም፣ ደቀቅ ያለ ቀይ ሽንኩርት፣ ብዙ የድንብላል ቅጠል፣ የተቀቀለ እንቁላል ግማሹን። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቫይታሚን ሲ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ሽምብራም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ቀይ ቦሎቄ ከመረጥሽ ግን ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ድፊው፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ እያንተከተክሽ ካፈላሽው በኋላ እስኪበስል ቀቅዪው። ጥሬው ወይም በቅጡ ያልበሰለው በጣም የሚያስታውክ ነገር አለበት።

ሽንኩርቱ አፍ ያቃጥላል ካለ (ይላል፣ አውቀዋለሁ) ከትፈሽ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጪውና አጥልይው።

ጥያቄ፦ ሥራ ቦታ ይዤ ስሄድ ምሳ ሰዓት ላይ ተላቁጦ ነው የማገኘው።

መልስ፦ አደራደሩን ገልብጠው። ድሬሲንጉ ከታች፤ ከእሱ በላይ ሽምብራ፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ማለትም እርጥበት የማይጎዳቸው፤ ቅጠሉ ከሁሉ በላይ፣ ደረቅ እንደሆነ። ስትበላ ብቻ ገልብጠህ ታዋህደዋለህ።

ከመላቆጡ በላይ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ቱና፣ እርጎ ወይም የበሰለ ሩዝ ያለበት ሰላጣ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ። ሩዝን ሰው ይንቀዋል፤ መቀቀል የማይገድላቸው የባክቴሪያ ዘሮች አሉበት፣ ለብ ባለ ቦታ ሲቆይ ይራባሉ። ሥራ ቦታህ ፍሪጅ ከሌለ ማታ ቤትህ ውኃ በጠርሙስ አቀዝቅዘህ በረዶ አድርግና ከምሳ ዕቃህ ጋር አንድ ላይ ጠቅልለው። እየሟሟ ምሳህን ያቀዘቅዛል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይሆንሃል።

ጥያቄ፦ አናናስ በእርጎ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጠዋት መረረኝ! እርጎው ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ጥሬ አናናስ ፕሮቲን የሚያፈራርስ ብሮሜሌይን የተባለ ኢንዛይም አለው፤ ሌሊቱን ሙሉ እርጎሽን ሲያፈራርስ ነው ያደረው። ልትበዪ ስትይ ቀላቅይው። የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ ስለሚሞቅ ይህ ችግር የለበትም።

ጥያቄ፦ አቮካዶ እንዳይጠቁር?

መልስ፦ ሎሚ ቀቢው፣ አየር እንዳያገኘው ሸፍኚው። ከሁሉም የሚሻለው መጨረሻ ላይ መቁረጥ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። ቅጠላ ቅጠል ላቁምባቸው ወይ?

መልስ፦ እንደ ጎመንና ስፒናች ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች በቫይታሚን ኬ የበለጸጉ ናቸው፤ እሱ ደግሞ መድኃኒቱን ይገዳደራል። ጉዳቱ ያለው መለዋወጡ ላይ ነው፤ አንድ ሳምንት በብዛት፣ በሚቀጥለው ምንም። የለመዱትን መጠን ሳይዋዥቅ ይብሉ፤ ከመቀየራችሁ በፊት ግን የሚከታተላቸውን ሐኪም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስቀምሰው ይጥመኛል፤ ከፍሪጅ ሲወጣ ግን ምንም ጣዕም የለውም።

መልስ፦ ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል። ከማቅረብሽ 15 ደቂቃ በፊት አውጪው፣ ቀምሰሽ ሎሚ አክዪበት። ቲማቲምን ደግሞ ከነጭራሹ ፍሪጅ አታስገቢ፣ በጣም ካልበሰለብሽ በቀር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ። ሐብሐቡን ሠራሁት። ጣዕሙ ጉድ ነው፣ ግን ግማሽ ሳህን ውኃ ሆነብኝ።

መልስ፦ አይቡን መቼ ፈረፈርሽበት?

ጥያቄ፦ ጠዋት።

መልስ፦ የበላሽውስ?

ጥያቄ፦ ...ማታ።

መልስ፦ እንግዲህ ከላይ ለሾርባው ሰውዬ የጻፍኩትን አንብቢ፤ የአይብ ጨውም ጨው ነው። ውኃውን ግን አትድፊው። አጥልይና በረዶና ሎሚ ጨምረሽ ጠጪው፣ ናናው ገብቶበታል።