ብርሃኑን ቁርጭምጭሚትሽ ላይ እሰሪው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ማርቆስ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራ የምወጣው አምሽቼ ስለሆነ የምሮጠው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ አይሱዙ ለጥቂት ሳተኝ። ከጥቁር ቱታ ላይ ደማቅ ቢጫ ጃኬት ደርቤ ነበር። ወንድሜ «ከዚህ በላይ ምን ልትለብሺ ነው?» ይለኛል፤ እናቴ ደግሞ ነጠላ ካላጣፋሽ አትወጪም ብላለች። ልክ ማን ነው? ብርዱንስ እንዴት ልቻለው?

መልስ፦ እንኳን ተረፍሽ ልጄ። ከወንድምሽ ይልቅ እናትሽ ለእውነቱ ይቀርባሉ፤ ነጠላውን ግን አታጣፊ።

እኔም እንዳንቺ በቀለም ተታልያለሁ። የስፖርት መምህር ሳለሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ዓይን የሚወጋ ብርቱካንማ ሹራብ ለብሼ ስሮጥ፣ ከጭነት መኪና ሸሽቼ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ ወርዶ «ምንም አላየሁህም» አለኝ፤ ሲምል ደግሞ አመንሁት። ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ሰንብቶ፣ ሾፌር የሆነውን የሚስቴን ወንድም ለምኜ አንድ ምሽት ጋቢና ውስጥ አብሬው ተቀመጥሁ። መኪናውን ጭር ያለ ቦታ አቁመን መብራቱን አበራንና ልጄን ያንኑ ሹራብ አልብሼ ከፊታችን አስኬድሁት። ሹራቡ አመድ መሰለ። እንዲህ ያለው ቀለም ቀን የሚደምቀው ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ስለሚቀይር ነው። በመኪና መብራት ውስጥ ያ ጨረር እምብዛም የለም።

ቀጥሎ የመንገድ ሠራተኞችን ሰደርያ አለበስሁት። ብርማው ጥብጣብ ከሩቅ ቦግ አለ። በላዩ ያሉት ደቃቅ የመስታወት ፍሬዎች ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሱታልና። የሚስቴ ወንድም ግን «ታፔላ ይመስላል» አለ። ጥብጣቡን ቆርጠን ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ላይ ስናስርለት ጊዜ ነው ገና ከሩቁ «ሰው!» ያለው። እየተፈራረቀ ከፍ ዝቅ የሚል ጥንድ ብርሃን የሰው እርምጃ መሆኑን ዓይን ወዲያው ይለያል። ደግሞም አጭር መብራት ወደ ታች ስለሚያዘነብል ደረት ላይ ሳይደርስ እግር ላይ ያርፋል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሾፌሩ አንቺን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር አልፏል፤ መኪናው ገና መቆም አልጀመረም።

ስለዚህ አንድ ሰደርያ ግዢ፤ ጥብጣቡን ልብስ ሰፊ ላስቲክ ላይ ሰፍቶ ለሁለቱ ቁርጭምጭሚትና ለሁለቱ የእጅ አንጓ ይሥራልሽ። ቤት ውስጥ መብራት አጥፍተሽ፣ ባትሪ ከዓይንሽ አጠገብ ይዘሽ አብሪበት። ካልቦገገ ቀይሪው። ጭቃና ዝናብ ኃይሉን ስለሚቀንሱት በክረምት አትተማመኚበት፤ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ጨምሪ።

የእናትሽ ነገር። ነጭ ከጥቁር በእጅጉ ይሻላል፤ ለኪዳን የሚገሠግሡ እናቶች በጨለማ ቀድመው የሚታዩን በነጠላቸው ነው። ነገር ግን ለሯጭ ጫፉ እግር ይጠልፋል፣ ነፋስም ይገፈዋል። ነጭ ሹራብ ልበሺና ይታረቁሽ።

ብርዱን በጥጥ አትቻይው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በላብ የራሰ ጥጥ ቆም ስትዪ እንደ በረዶ ይጣበቅብሻል። ከውስጥ ላብ ቶሎ የሚደርቅበት ስስ የስፖርት ካናቴራ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ይበቃሽ። ከቤት ስትወጪ ትንሽ ካልበረደሽ አብዝተሽ ለብሰሻል ማለት ነው። ጋቢው በር ላይ ይጠብቅሽ።

ግራሽን ይዘሽ፣ መኪናው ከፊትሽ እንዲመጣ አድርገሽ ሩጪ። ሁለት መኪኖች በረጅም መብራት ሲገናኙ ሾፌሮቹ ለቅጽበት ይታወራሉና ከአስፋልቱ ውረጂ፤ ጥብጣብሽም ያን ጊዜ አያድንሽም። ሙዚቃውን ለቤት ተዪው።

ወንድምሽ አሁንም ካላመነ ቢጫውን ጃኬት ራሱ ይልበስና ጭር ባለ ሜዳ ላይ ይቁም፤ አንቺ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ መብራቱን አስበሪና ተመልከቺው።