መስተዋድዱ የት ገባ? የእንግሊዝኛ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

በቅርቡ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛው ሪላቲቭ ክሎዝ (እንደ «የምኖርበት» ስምን በሚገልጸው የዓረፍተ ነገር ክፍል) ላይ በመሆናቸው ዛሬ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንባቢ «የምኖርበት ቤት» ለማለት «ዘ ሃውስ ዛት አይ ሊቭ ኢን ኢት» ብላ ብትጽፍ መምህሯ የመጨረሻዋን «ኢት» በቀይ ሰርዘውባት ምን እንዳጠፋች እንዳልገባት ገልጻለች።

መምህርሽ ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ ግን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይገባሻል። «የምኖርበት» የሚለውን ቃል ብትፈቺው «በ» መስተዋድዱ ነው፣ «ት» ደግሞ ቤቱን የሚያመለክት ተውላጠ ስም ነው፤ ከተማን በሴት ጾታ ስትጠሪ «የምኖርባት»፣ ቤቶቹ ሲበዙ ደግሞ «የኖርኩባቸው» የምትዪው በዚሁ ምክንያት ነው። አማርኛ ይህ ተውላጠ ስም ከግሱ ጋር እንዲለጠፍ ሲያስገድድ፣ እንግሊዝኛ ግን ቦታውን ባዶ አድርገሽ እንድትተዪው ያስገድድሻል። ስለዚህ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን» ብቻ ይበቃል፤ ጽሑፉ መደበኛ ከሆነ «ዘ ሃውስ ኢን ዊች አይ ሊቭ» ትያለሽ። «ኢን»ን ከፊትም ከኋላም መድገም ያው ስህተት በሌላ መልክ ነው፤ መስተዋድዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይነገራል።

ከዚህ የሚከብደው መስተዋድዱን መምረጥ ነው። እኛ የምጽፍበት ብዕር፣ የምጽፍበት ወረቀት፣ የምጽፍበት ክፍል እንላለን፤ አንዱ «በት» ሦስቱንም ይሸከማል። እንግሊዝኛው ለብዕሩ «ዊዝ»፣ ለወረቀቱ «ኦን»፣ ለክፍሉ «ኢን» ይላል፤ ከ«በት» ወደ «ኢን» በቀጥታ የሚሄድ ተማሪ ከሦስቱ ሁለቱን ይስታል። እኔ ለተማሪዎቼ የምመክረው መጀመሪያ ተራውን ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ነው፤ «አይ ራይት ዊዝ ዘ ፔን» ካልሽ በኋላ ብዕሩን ወደፊት አውጥተሽ «ዊዝ»ን ከነበረበት ሳትነቀንቂ ተዪው፤ «ዘ ፔን አይ ራይት ዊዝ» ይሆናል። ግሱ የትኛውን መስተዋድድ እንደሚፈልግ ካላወቅሽ መዝገበ ቃላት ክፈቺ፤ በግምት አትጻፊ።

«ዘ ሃውስ ኢን ዛት አይ ሊቭ» ይባላል ወይ ላሉኝ፦ አይባልም፤ በሪላቲቭ ክሎዝ ውስጥ መስተዋድድ ከ«ዛት» ፊት አይቆምም።

አንድ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ አለቃቸው በመስተዋድድ የሚያበቃ ዓረፍተ ነገር ባዩ ቁጥር እንደሚሰርዙባቸው ጽፈው፣ ይህ በእርግጥ ስህተት መሆኑን ጠይቀዋል። ስህተት አይደለም። ባለቅኔው ጆን ድራይደን በ1672 እ.ኤ.አ. ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን በዚሁ ነቅፎት ነበር፤ ልማዱን በራሱ ጽሑፍ ውስጥም እንዳገኘው አምኗል። ሰዋስው ጸሐፊው ሮበርት ሎውዝ ግን በ1762 እ.ኤ.አ. ይህ አነጋገር በጭውውትና ቀለል ባለ ጽሑፍ የተለመደ መሆኑን ተቀብሎ፣ መስተዋድዱን ማስቀደም ከፍ ላለ ጽሑፍ የተሻለ ነው በማለት ብቻ ተወስኗል፤ እኔም የምስማማው ከዚህ ጋር ነው። ለአለቃዎ በመደበኛ ደብዳቤ ላይ ያስቀድሙላቸው። ሆኖም «ሉክ አፍተር» ተንከባከበ ሲሆን ሁለቱ ቃላት አይለያዩም፤ የሚንከባከቡትን ልጅ «ዘ ቻይልድ አፍተር ሁም አይ ሉክ» ብለው ቢጽፉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሁሉ ይደናገራል።

«ሁም» በንግግር ይቅር ወይ? ከመስተዋድድ ቀጥሎ ሲመጣ አይቅር፤ በሌላው ቦታ «ሁ» ይበቃል። ለአነባበቡ መምህር ይጠይቁ።

ሌላ አንባቢ «ኤ ፐርሰን ቱ ቶክ ቱ» (የሚያዋዩት ሰው) በሚለው ውስጥ «ቱ» ለምን ሁለት ጊዜ እንደመጣና «አይ ካን ቱ ቶክ» ይባል እንደሆነ ጠይቀዋል። የኋለኛው አይባልም፤ «ካን»፣ «መስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ ያለ «ቱ» ይወስዳሉ። በፊተኛው ግን የመጀመሪያው «ቱ» የግሱ ነው፣ ሁለተኛው መስተዋድድ ነው፤ አንዱም ትርፍ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች በሚገርም ሁኔታ ይገናኛሉ። «የማዋየው ሰው የለኝም» ስንል ላዋየው የምችለው ማለታችን ነው፣ «የሚበላ ነገር» ስንልም ሊበላ የሚችል ማለታችን ነው፤ መቻሉን ሳንናገር አድማጭ ይረዳናል። እንግሊዝኛውም «ካን»ን ወይም «ሹድ»ን በዚያ «ቱ» ውስጥ ደብቆ ያልፋል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ «ኤ ሃውስ ቱ ሊቭ ኢን» እና «ኤ ሃውስ ኢን ዊች ቱ ሊቭ» ሁለቱም ልክ ናቸው፣ «ኤ ሃውስ ዊች ቱ ሊቭ ኢን» ግን አይሆንም።

በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ያሳሰበኝን ደብዳቤ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አባት ከአንድ መሥሪያ ቤት በደረሳቸው ወረቀት ላይ «ዘ ዴት ባይ ዊች ዩ መስት ሪስፖንድ» የሚለውን «መልስ የሚሰጡበት ቀን» ብለው ተረድተው፣ ያ ቀን እስኪደርስ ሰነዶቻቸውን ይዘው ሊጠብቁ መሆኑን ጽፈዋል። አባቴ፣ አይጠብቁ። «ባይ ዊች» ማለት እስከዚያ ቀን ድረስ ማለት ነው፤ ቀኑ መጨረሻው ነው እንጂ ቀጠሮ አይደለም። በዕለቱ ለማለት «ኦን ዊች»፣ ከዚያ በኋላ ለማለት «አፍተር ዊች» ይጽፉ ነበር፤ የእኛ «በት» ግን ልዩነቱን ይውጠዋል። «መስት» ግዴታ ነው፤ በቦታው «ሜይ» ቢኖር ፈቃድ በሆነ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ «ሜይ ኖት» ካዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክልከላ ነው። መልሱ እስከዚያ ቀን በፖስታ መላኩ ይበቃል ወይስ በመሥሪያ ቤቱ እጅ መግባት አለበት የሚለውን ሰዋስው አይመልስልዎትም፤ እኔም አልመልስልዎትም። ወረቀቱን ሳያጥፉ፣ አንድም ገጽ ሳያስቀሩ፣ ፈቃድ ላለው ጠበቃ ወይም ለነጻ የሕግ ድጋፍ ሰጪ ነገ ጠዋት ያሳዩ፤ እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ ለሚታመን የጎረቤት ልጅ አይስጡት።