ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ በፊት ወጥ ቤቱን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀብሎታል። «መምህራኑን ሁሉም ያመሰግናል፣ ሌላው ሠራተኛስ? የትኛው ቢሮ ለምን ይጠቅመኛል?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ላብራቶሪውና ስለ ፈተና ውጤቱ በደንብ ነግረውሻል። እኔ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስሙ ይቅር። ከመጋዘን በር ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገርሽ።

መምህር ልጅሽን የሚያገኘው በክፍለ ጊዜው ነው። ትምህርት ካበቃ በኋላ እስከ ማለዳ ድረስ ልጁ የፕሮክተሩ (የማደሪያው ተቆጣጣሪ)፣ የወጥ ቤቱ፣ የነርሷና የጥበቃው ነው። ስለዚህ ለማየት ስትሄጂ ርዕሰ መምህሩን ሰላም ብለሽ ቶሎ ውጪ። የእሳቸው ቢሮ መቼም ንጹሕ ነው።

ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሂጂ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ቆላው ሸዋ ሮቢት ቶሎ ኩፍ የሚል ሊጥ እዚህ ተጨማሪ ቀን ይፈልጋል። ጋጋሪዎቹ ይህን አስልተው ቀደም ብለው ካላቦኩ፣ ልጆቹ ያልደረሰ እንጀራ ይቀርብላቸዋል። ከዚያ «ሆዴን» የሚል ተማሪ ክሊኒክ በር ላይ ይሰለፋል። እኔ ያንን ሰልፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ነርሷን ሳይሆን ጋጋሪዎቹን ነበር። አንቺም «መብራት ሲጠፋ በምን ትጋግራላችሁ?» በያቸው። የተከመረ የባሕር ዛፍ እንጨት ካሳዩሽ ደህና ነው። «ዳቦ እንገዛለን» ካሉሽ፣ መብራቱ ሦስት ቀን ቢቆይስ ብለሽ ጠይቂ።

ጾምንም አትርሺ። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የዓብይ ጾም 55 ቀን አለ። ጥሩ ወጥ ቤት በጾም ምስርና ባቄላ ያፈራርቃል፣ ሰነፉ ሽሮ በሽሮ ያደርገዋል። ከይፋት በኩል የሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎችም ይኖራሉ። ሥጋ በሚሠራበት ቀን እርዱም ድስቱም ለብቻ መሆኑን፣ በረመዳን ለሱሑር የሚነሳ ወጥ ሠሪ መኖሩን ጠይቂ። የልጅሽ ጉዳይ ባይሆንም ጠይቂ። ለጥቂቶች የሚጨነቅ ወጥ ቤት ለሁሉም ይጨነቃል።

አሁን ወደ እኔ ሰፈር እንምጣ፣ ግዢና ንብረት። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ማንም ወላጅ አይጠይቅማ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ ደግሞ ክረምት ነው፣ ጤፍ የሚወደድበት ወቅት። የምንጃር ጤፍ ዋጋው ረገብ የሚለው አዝመራው ተሰብስቦ ሲወቃ ነው። ብልህ ግዢ ክፍል በጥርና በየካቲት ገዝቶ ለመስከረም የሚሆነውን ጭምር መጋዘን ያስገባል። ጤፍ እንደሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ይቆያል። ባቄላና አተሩ ነው ክትትል የሚፈልገው። ሰነፉ ግዢ ክፍል ግን ሐምሌ ላይ ጨረታ ያወጣል፣ ተጫራች ይጠፋል፣ ጨረታው ይደገማል። ልጆቹ መስከረም ሲገቡ ጤፉ ገና ነጋዴው ጋ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃሻል፦ «የመስከረሙ ጤፍ መቼ ነው የገባው?» መጋዘን ያዡ ሞዴል 19ኙን፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ገልጦ ቀኑን ካሳየሽ፣ ያ ትምህርት ቤት ሰው አለው። የወጣውስ? ለወጥ ቤት የሚወጣው እህል በየቀኑ ተመዝኖ በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ፣ መፈረም አለበት። «እንተማመናለን» የሚልሽ ካለ ጠርጥሪ። እህል የሚጠፋው በመተማመን ነው።

ፕሮክተሩን በስም እወቂው፣ ስልኩንም ያዢ። ችግር ሲኖር መጀመሪያ የምትደውዪው ለእሱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢያነሱም መልሰው እሱኑ ነው የሚጠይቁት። ጥሩ ፕሮክተር አዲስ ገቢዎችን ከነባሮቹ ተንኮል ይጠብቃል፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብሱ ውስጥ የሚያለቅሰውን ልጅ ያውቀዋል። ወንድ ልጅ ደግሞ አለቀስኩ አይልሽም፣ «ደህና ነኝ እማዬ» ነው የሚልሽ። ብርድ ልብስን ካነሳን፣ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው አንዱ አይበቃም። የከተማው ፋብሪካ የሚያወጣውን ጨምሪለት። የመንዝ ባና፣ ያንን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ካገኘሽማ ምን ትፈልጊያለሽ? ስሙን በክር ጥለፊበት። ከትምህርት ቤቱ የተረከበውን ፍራሽና ብርድ ልብስ የፈረመበትን ወረቀት ኮፒ ያስቀር፣ ሰኔ ላይ ክሊራንስ (የተረከበውን መመለሱን የሚያሳይ ወረቀት) ሲጠየቅ ያስፈልገዋል።

ክሊኒኩ ትንሽ ነው፣ ብዙ አትጠብቂ። ቅማልና እከክ እንዴት እንደሚቆጣጠሩ ብቻ ጠይቂ። ብርድ ባለበት አገር ልጆች ገላ መታጠብ ይሸሻሉ፣ ቅማል ደግሞ አንድ አልጋ ላይ አይቆምም። ሙቅ ውሃ ካለ ግማሹ መልስ ተመለሰ።

መዝገብ ቤት የሚያስፈልግሽ ሁለት ጊዜ ነው፣ ሲገባና ሲወጣ። ሲገባ የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ላይ ያለውን ስም ከልደት ሰርተፍኬቱና ከፋይዳ መታወቂያው ጋር አስተያዪው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም ጭምር። አንዲት ፊደል ብትለይ አሁኑኑ ይስተካከል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሲደርስ ወረፋው አያድርስ ነው። ኦሪጅናሉን ካስረከብሽ ደረሰኝ ሳትይዢ አትውጪ።

ጥበቃዎቹን ጋሼ ብሎ ሰላም የሚል ልጅ አይቸገርም። ለወጥ ቤት እናቶችም እንደዚያው። ደመወዛቸው ትንሽ ነው፣ ግን ገንዘብ በእጃቸው አታስጨብጪ፣ ለእነሱም ለልጁም ጣጣ ነው። ዓመት በዓል ሲደርስ «እንኳን አደረሳችሁ» ብትያቸው ይበቃል።

እና መግቢያው ቀን ላይ አትሂጂ። ያን ዕለት ግቢው በወላጅ ይጥለቀለቃል፣ መጋዘን ያዡም ፍራሽ እያደለ ቀና ብሎ አያይሽም። ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂጂ። ምሳ እስኪደርስ ቆዪና የሚበላውን እዪ።