ለድሮ እስፒከር ምን አምፕ ይሁን? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ደሴ ፒያሳ ቴፕና ራዲዮ መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን ከአባቱ እስፒከር የወረሰ፣ ከቆጥ ያወረደ፣ ከሳዑዲ የመጣለት ሁሉ “ምን አምፕ ልግዛለት?” ይለኛል። አምፕ ማለት ድምፁን አጉልቶ ለእስፒከሩ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ዛሬ ከሰዓት ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለኝ። ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ፦ አባቴ የተወልኝ ጥንድ ግሩንዲግ አለ። ጀርባው ላይ 4 ኦም፣ 30 ዋት ይላል። 100 ዋት አምፕ ባገናኝበት ይቃጠላል?

መልስ፦ አብሽር፣ ቮልዩሙን ይዘህ እስከተጠቀምክ ድረስ በዋቱ አይቃጠልም። እስፒከሩ የሚወስደው አንተ የከፈትክለትን ያህል ነው። ሳሎን ውስጥ ተቀምጠህ ስትሰማ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዋት አታልፍም። እኔን የሚያሳስበኝ 4 ኦሙ ነው፤ ኦም እስፒከሩ ከረንቱን የሚከለክልበት መጠን ነው። ኦም ሲያንስ ከአምፑ የሚሳበው ከረንት ይጨምራል። ለ8 ኦም ብቻ የተሠራ አምፕ 4 ኦም ሲጫንበት ይግላል፣ ፊውዝ ይበጥሳል፣ ሲብስበት ትራንዚስተሩ ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት አዙረው። እስፒከር የሚሰካበት ጋ “4–16 ኦም” ካለ ውሰደው። “8–16” ካለ ለዚህ እስፒከር አይሆንም፣ ተወው።

ጫፉ ላይ ያለው አንድ ጠፍጣፋና አንድ ክብ እግር ያለው ሶኬት አያስደንግጥህ። የድሮ የጀርመን ዕቃ እንዲያ ነው። ክቡ ፖዘቲቭ፣ ጠፍጣፋው ኔጋቲቭ ነው።

ከሐይቅ፦ የኔ ጽሑፉ ጠፍቷል። ኦሙን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ገመዱን ከአምፑ ንቀልና በቴስተር ለካው። 8 ኦም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ያነባል፣ 4 ኦሙ ደግሞ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ቴስተር የሚያነበው የሽቦውን ሪዚስታንስ ነው፤ ጀርባው ላይ የሚጻፈው ኦም (ኢምፒዳንስ) ከሱ ከፍ ስለሚል ቁጥሩ ቢያንስብህ ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ። ምንም ካላነበበ ግን የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

እግረ መንገድህን ድምፅ ሲያወጣ የሚንቀጠቀጠውን የእስፒከሩን ወረቀት ጠርዝ በጣትህ ንካው። ስፖንጅ ከሆነና እንደ ድርቆሽ ከተፈረፈረ፣ የአምፑን ገንዘብ መጀመሪያ እሱን አስቀይርበት። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ዕድለኛ ነህ።

ከወልዲያ፦ 3000 ዋት ፒኤምፒኦ የሚል አምፕ በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

መልስ፦ ጀርባውን አይተኸዋል? ከመብራት የሚስበው 60 ዋት ከሆነ 3000 ዋት ከየት ያመጣል? ፒኤምፒኦ የሚባለው ለካርቶኑ ማስዋቢያ ነው። አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ዋት፣ ፈልግ።

ደግሞ ዋት ብቻውን ብዙም አይናገርም። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። በ1 ዋት 92 ዴሲቤል የሚያወጣ እስፒከር በ20 ዋት የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ 86 ዴሲቤል ያለው ለመድረስ 80 ዋት ይፈልጋል። እና መጀመሪያ እስፒከሩን እወቅ፣ ከዚያ ወደ አምፕ ሂድ።

ወልዲያው ደግሞ፦ እሺ፣ ዋቱ ትንሽ ከሆነ እስፒከሩን አይጎዳውማ?

መልስ፦ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። የወንድሜ ሠርግ ላይ ሞንታርቦ የሚያከራየው ሰው ሲቀርብን ጉረኛው እኔ የቤቴን እስፒከር ይዤ ሄድኩ። አምፑ 20 ዋት ነው። ሰዉ ጨመር አድርገው ሲል ጨመርኩ፣ እስክስታው ሲደምቅ እስከ ጥግ አዞርኩት። ድምፁ መንጫጫት ሲጀምር ማውረድ ነበረብኝ፣ ግን ማን ይሰማል? ጠዋት ሁለቱም ቱዊተሮች፣ ቀጭን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሾቹ፣ ሞተዋል። ትልልቆቹ ደህና ናቸው።

አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ሞገድ ቀጭን ድምፅ ይበዛበታል፣ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ቱዊተሩ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ፀጉር የምታክል ሽቦ ነው ያላት። ስለዚህ የተረፈ አቅም ያለው አምፕ ይዞ በልክ መክፈት ይሻላል።

ከሆጤ፦ እህቴ ከጅዳ አምፕ ላከችልኝ። እንዲሁ ልሰካው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ፣ ቆይ! ሳዑዲ ቤቶች ለብዙ ዘመን 127 ቮልት ነው የተጠቀሙት፣ የኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ 110፣ 127፣ 220 የሚል መምረጫ ካለ በካቻቢቴ 220 ላይ አድርጊው። ከሌለውና 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል። ያለዚያ ጭስ ነው።

ከሰኞ ገበያ፦ እናቴ አምፑ ላይ ዳንቴል አድርጋለች። ችግር አለው?

መልስ፦ እትዬ ይቅር ይበሉኝ፣ ግን ይነሳ። ደሴ ብርድ ነው ተብሎ አምፕ አይለብስም። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የሚወስደውም ያነሰ ነው። ዳንቴሉን ለቴሌቪዥኑ።

ከደሴ አራዳ፦ ያገለገለ አምፕ ስገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ እስፒከር ሳታገናኝ አብራው። ቴስተርህን ዲሲ ላይ አድርገህ የእስፒከር መውጫውን ለካ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ቮልት ካሳየህ እስፒከርህን እንዳታስነካው፣ ኮይሉን ይጠብስብሃል። ቮልዩሙ ሲዞር ቢንኮሻኮሽ ቆሻሻ ነው፣ በስፕሬይ ይለቃል። ዋጋ ማስቀነሻ ግን ይሆንሃል።

ከባቲ፦ መብራት ይጠፋብናል። በመኪና ባትሪ የሚሠራ አለ?

መልስ፦ አለ። ክላስ ዲ የሚባሉ ትንንሽ የአምፕ ቦርዶች በ12 ቮልት ይሠራሉ። 50 ዋት ቢልህ አትመን፤ በ12 ቮልት 8 ኦም ላይ ቢበዛ 9 ዋት ገደማ ነው የምታገኘው። የድሮ 90 ዴሲቤል እስፒከር ካለህ ግን 9 ዋት ለአንድ ሳሎን ይተርፋል።

ባቲው ደግሞ፦ አገናኘሁት፣ ይሠራል። ግን ቤዙ የለም፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ አይታወቅም።

መልስ፦ አንዱ እስፒከር ተገልብጦ ተገናኝቷል። ከቦርዱ ንቀላቸውና 1.5 ቮልት ድንጋይ ወደ ገመዱ ለአፍታ ነካ አድርግ፣ የድንጋዩ ፖዘቲቭ ቀዩ ላይ። ወረቀቱ በየት በኩል ሄደ?

ባቲው፦ አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ።

መልስ፦ በቃ፣ ወደ ውስጥ የሄደውን ሁለት ገመድ አቀያይርና አንድ የባቲ ዜማ ክፈት። ማሲንቆው መሐል ላይ ካልቆመ ነገ ይዘኸው ና። ቡናው ፈልቷል፣ ልሂድ።