ፀጉር ላስተክል ወይስ ልተወው? ጥያቄ ያላችሁ ኑ

የቀድሞው መላጣ፦ ሰላም ጎንደሬዎች። ሰሞኑን «ግንባሬ እየሰፋ ነው፣ ቱርክ ሄጄ ላስተክል ወይ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በዛብኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ አንድ ላይ እንጨርሰው። ለማታውቁኝ፣ አራዳ አካባቢ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ዶክተር አትበሉኝ፣ አይደለሁም። ሁለት ጊዜ አስተክያለሁ። የመጀመሪያው በ24 ዓመቴ ነው፣ ተበላሸብኝ። ሁለተኛው ያንን ለማስተካከል ነው። ስትጠይቁ ዕድሜያችሁን፣ መሸሽ የጀመረበትን ጊዜ፣ በእናትም በአባትም ወገን መላጣ ካለ ጻፉ። የክሊኒክ ስምና ዋጋ አልናገርም።

የማራኪ ልጅ፦ ጋሼ ፀጉሬ ሸሽቷል። ላስተክል?

የቀድሞው መላጣ፦ ዕድሜ? ከመቼ ጀምሮ? ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

የአዘዞው ሾፌር፦ 31 ዓመቴ ነው። ከ25 ጀምሮ በሁለቱም ጎን ገባ ገባ ብሏል። አባቴ መላጣ ነው፣ የእናቴ ወንድሞች ግን ሁሉም ሙሉ ፀጉር ናቸው። መላጣ የሚወረሰው ከእናት ወገን ነው ሲባል እሰማለሁ፣ ታዲያ የእኔ ከየት መጣ? ደግሞስ አንዴ ከተተከለ አለቀ ማለት ነው?

የቀድሞው መላጣ፦ እንዲህ ነው የሚጠየቅ። ከሁለቱም ወገን ይወረሳል። ከእናት በሚመጣው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ጂን ትልቅ ድርሻ ስላለው ነው ወሬው እንዲያ የሆነው፣ ግን ብቻውን አይደለም።

አሁን ዋናውን ስማ። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ዲ ኤች ቲ ወደሚባል ሆርሞን ይቀየራል። በዘር የተነካካ ሰው ከሆንክ፣ ከፊትና ከአናትህ ላይ ያለው የፀጉር ሥር ይህን ዲ ኤች ቲ አይችለውም። እየቀጠነ፣ እየሰለለ ሄዶ ይጠፋል። የማጅራቱ ግን ይችለዋል። ለዚህ ነው ሽማግሌው ሁሉ አናቱ ባዶ ሆኖ ከጆሮው በላይ ዙሪያውን ፀጉር የሚቀረው። ኖርማን ኦሬንትራይክ የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሳየው ነገር፣ ከማጅራት የተነሳ ፀጉር ፊት ላይ ቢተከልም የማጅራት ጠባዩን ይዞ እንደሚቀጥል ነው። ተከላ የሚባለው ነገር በሙሉ የቆመው በዚች ላይ ነው።

ስለዚህ የተተከለው በአብዛኛው ይቆያል። ከተተከለው ጀርባ ያለው የራስህ ፀጉር ግን መሸሹን አያቆምም! የእኔ ጣጣ ይኸው ነበር። በ24 ዓመቴ የ15 ዓመት ልጅ ግንባር አስመስለው ዝቅ አድርገው ሠሩልኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። 30 ስሞላ ከኋላው ያለው ሄደ። ፊት ለፊት አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ ባዶ ግቢ። ሦስት ዓመት ኮፍያ ሳላደርግ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

ሌላው፣ ከማጅራት የተነቀለ ሥር እዚያው ተመልሶ አይበቅልም። ጎታው አንድ ነው። በሰኔ የጨረስከውን በነሐሴ አታገኘውም። በ24 ዓመትህ ካራገፍከው በ40 ዓመትህ ምን ልትተክል ነው? አንተ 31 ነህ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ፎቶ እያነሳህ መቆሙን እይ። ካልቆመ መጀመሪያ መድኃኒት፣ ከዚያ ተከላ።

ጥድፊያ፦ ዋጋው ስንት ነው ጠቅላላ?

የቀድሞው መላጣ፦ አልናገርም ብያለሁ።

ቀበሌ 16፦ መድኃኒት ስትል ፊናስተራይድ ነው? ወንድነትን ይገድላል ይላሉ። እውነት ነው?

የቀድሞው መላጣ፦ ይኸ የእኔ ሙያ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ፊናስተራይድ መጀመሪያ በ5 ሚሊ ግራም ለፕሮስቴት እብጠት የወጣ መድኃኒት ነው። 1 ሚሊ ግራሙ አሜሪካ ውስጥ ለወንዶች መላጣ የተፈቀደው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ቴስቶስትሮን ወደ ዲ ኤች ቲ እንዳይቀየር ያግዳል፣ በደም ውስጥ ያለውን ዲ ኤች ቲ ወደ 70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዋና ሥራው ያለውን መጠበቅ ነው። አንዳንዱ ላይ የሳሳውን ያወፍራል፣ ልሙጥ የሆነ ቆዳ ላይ ግን ፀጉር አያበቅልም። ውጤቱን ለማየት ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ትጠብቃለህ። ካቆምክ ያተረፍከው ይሄዳል።

የጎንዮሽ ጉዳቱ አለ፣ አልደብቅም። የወሲብ ስሜት መቀነስና የመቆም ችግር ጥቂት ሰው ላይ ይታያል፣ ብዙዎቹ ሲያቆሙት ይተዋቸዋል። ካቆምነውም በኋላ አልለቀቀንም የሚሉ አሉ። ድባቴም የሚሰማው አለ። ስለዚህ «ጓደኛዬ ይወስዳል» ብለህ ከእኔ መስኮት አትግዛ። መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይህ።

ሁለት ነገር ሰው የማይነግርህ፦ አንደኛ፣ የ5 ሚሊ ግራሙን ክኒን በቢላ አራት ቦታ የምትከፋፍሉ፣ ሚስታችሁ እርጉዝ ከሆነች የተሰበረውን እንዳትነካው። ወንድ ፅንስ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ለፕሮስቴት ፒ ኤስ ኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ሲያደርግ መውሰዱን ለሐኪሙ ይንገር። መድኃኒቱ ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ስለሚያወርደው ያሳስታል።

የፋሲለደስ ተማሪ፦ ሚኖክሲዲል የሚባለው የፀጉር ማብቀያስ? ለጢም እየቀባሁ ነው።

የቀድሞው መላጣ፦ የዛሬው ጥያቄ ጢም አይደለም። ለራስ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሳምንታት ላይ ይበልጥ ይረግፋል፣ አትደንግጥ። ካቆምክ በጥቂት ወር ውስጥ ወደነበረበት ነው።

ቅቤ ወዳድ፦ ለጋ ቅቤ እና የሽንኩርት ጭማቂስ?

የቀድሞው መላጣ፦ ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል። ሽንኩርቱን ወጥ ሥራበት።

የቸቸላ እህት፦ ወንድሜ ሴቶችም እንጠይቅ? 29 ዓመቴ ነው። ግንባሬ ጠርዝና ከጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉር አልቋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሹሩባ እሠራለሁ፣ አሁን ደግሞ ዊግ አስቀጥላለሁ። ላስተክል ይሆን?

የቀድሞው መላጣ፦ እህቴ ያንቺ ከወንዶቹ ይለያል። ከመጎተት የመጣ ይመስላል። በደንብ ብርሃን ያለበት ቦታ መስታወት ፊት ቁሚ። ጠርዙ ላይ ስስ ፀጉርና የፀጉር ቀዳዳ ከታየሽ ገና ነው፣ መጎተቱን ካቆምሽ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ቆዳው ልሙጥ ብሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሥሩ ሞቷል። ያኔ ተከላ ይታሰባል፣ ግን መልሰሽ ካስጎተትሽው የተተከለውም ይሄዳል።

ሹሩባ ሠሪዋ፦ እንዴ! ሹሩባ ላይ ምን አመጣህ? እናቶቻችን ሲሠሩት ኖረዋል፣ ምንም አልሆኑም።

የቸቸላ እህት፦ የእኔ እናት ጠርዙ ላይ ፀጉር የላትም፣ በሻሽ ነው የምትሸፍነው።

ሹሩባ ሠሪዋ፦ እሱ ዊጉ ነው እንጅ ሹሩባው አይደለም። ክብደት አለው።

የቀድሞው መላጣ፦ ሹሩባ ጠላቴ አይደለም። ጠበቅ ያለው ነው ጠላቴ። ተሠርተሽ ስትወጪ ቅንድብሽ ወደ ላይ ከተሳበና ፓራሲታሞል ውጠሽ ካደርሽ፣ ሥሩ እየተነቀለ ነው። ላላ አድርገሽ ሥሪላቸው፣ ደንበኛም አታጪም።

ቋረኛው፦ ሹሩባ ከተነሳ የአፄ ቴዎድሮስን ቁንዳላ እናንሳ እንጅ። መቅደላ ላይ ቆርጠው የወሰዱትን ፀጉር በ2019 እ.ኤ.አ. ለንደን ያለው የጦር ሙዚየም መለሰው። ጎንደር ነበር መምጣት ያለበት።

ደባርቅ፦ የአገር ቅርስ ነው፣ የቋራ ብቻ አይደለም።

ቋረኛው፦ ፒያሳ ላይ ሐውልቱ ቆሞ ፀጉሩ ሌላ ቦታ?

የማራኪ ልጅ፦ ንጉሡም ግንባራቸው ሸሽቶ ነበር እንዴ ጋሼ?

የቀድሞው መላጣ፦ ሥዕል አይቼ ምርመራ አላደርግም። ዕድሜህንም እስካሁን አልጻፍክም። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ጥድፊያ፦ በብር ብቻ ንገረን፣ ግምት።

የቀድሞው መላጣ፦ ምነው ወንድሜ! ዋጋን አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ነው እንደ እኔ የሚበላሸው። በዋጋ ፈንታ ይህን ጠይቃቸው፦ ቀዳዳውን የሚከፍተውና ሥሩን የሚያወጣው ማን ነው? ሐኪሙ ራሱ ወይስ ሐኪሙ ሰላም ብሎህ ይወጣና ሌላ ሰው ይገባል? በአንድ ቀን 5,000 ግራፍት (ለተከላ የሚነሳ የፀጉር ሥር) እንነቅላለን የሚልህን ሽሽ። ከማጅራት የተነቀለ ተመልሶ አይበቅልም።

የፒያሳው ፀጉር ቆራጭ፦ ብዙ ደንበኞቼ ከማጅራታቸው በታች ጉብጉብ ይወጣባቸዋል። እነሱስ ማስተከል ይችላሉ?

የቀድሞው መላጣ፦ ተባረክ፣ የሚረሳው እሱ ነው። በምላጭ ወይም ዝቅ ባለ ማሽን በተደጋጋሚ ሲቆረጥ የሚብስ አለ፣ እያደር እንደ ጠባሳ ይጠነክራል። የሚነቀለው ደግሞ ከዚያው አካባቢ ነው። እንዲሁም ክትባቱ ወይም ጆሮ የተበሳበት ቦታ አብጦ የቀረበት ሰው ኬሎይድ የሚባል ያበጠ ጠባሳ የማብቀል ጠባይ ይኖረዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ሳያየው አይነካካው።

እግረ መንገዴን ስለ ፀጉራችን ልናገር፣ ዝም ካልኩ ይቆጨኛል። የእኛ ጥቅልል ነው፣ ጥቅልል የሆነው ደግሞ ከላይ ብቻ አይደለም፣ ከቆዳ ሥርም ሥሩ ጎበጥ ይላል። አሁን ብዙው ሰው የሚሠራው ኤፍ ዩ ኢ የሚባለው ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር በማትሞላ ክብ መቁረጫ እያንዳንዱን ሥር ለብቻው ያወጡታል። ቀጥ ያለ ፀጉር የለመደ እጅ መቁረጫውን ቀጥ አድርጎ ሲሰደው የጎበጠውን ሥር መሐሉ ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ደግሞ ከፊትም ከኋላም የለህም ማለት ነው። የእኔም የመጀመሪያው ላይ ብዙ ሥር እንዲያ ነው ያለቀው። ስለዚህ «የጥቅልል ፀጉር ሥራችሁን፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሳ ፎቶ አሳዩኝ» በሉ። ጥቂት ሥር ብቻ ነቅለው በሙከራ እንዲያዩም ጠይቁ። ጥሩ ዜናው፣ ጥቅልል ፀጉር ቆዳን ደህና አድርጎ ይሸፍናል፣ በጥቂት ፀጉር ብዙ ያሳያል።

የቀሃ ልጅ፦ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ብሠራው ለጥምቀት ደርሼ ፋሲል መዋኛ ልገባ እችላለሁ?

የቀድሞው መላጣ፦ በጭራሽ። ጥር 11 ገና ሁለት ሦስት ሳምንትህ ነው። መዋኛ ቢያንስ ለአንድ ወር አይታሰብም፣ በዚያ ላይ የጎንደር ፀሐይ። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ሥሩ አልያዘም፣ ባጃጅ ስትገባ ጣሪያው ቢነካህ እንኳ ይነቀላል። ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት፣ የተተከለው ፀጉር ይረግፋል። ሥሩ ውስጥ አለ። ከ3 እስከ 4 ወር ላይ ብቅ ይላል፣ ዓመት ሲሞላው ነው የምትፈርድበት። ሰው እያለቀሰ በሦስተኛው ሳምንት ይጽፍልኛል።

ደባርቅ፦ ጠበልስ?

የቀድሞው መላጣ፦ እሱን የነፍስ አባትህን ጠይቅ። እኔ የማውቀው፣ ቅርፊቱ ሳይነሳ ውሃ በኃይል ሊወርድበት አይገባም።

ሐኪም ቤት የሰለቸው፦ ፒ አር ፒ የሚባለው ከራስ ደም የሚዘጋጀው መርፌስ?

የቀድሞው መላጣ፦ የረዳው አለ፣ ያልረዳው አለ። ለብቻው ተስፋ አታድርግበት።

ጥድፊያ፦ በዶላር ቢሆንስ?

የቀድሞው መላጣ፦ አልመልስም።

የማራኪ ልጅ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ልጻፍ። 22 ዓመቴ ነው። ከዓምና ጀምሮ ነው ያስተዋልኩት። ከሁለቱም ወገን መላጣ የለም። ጓደኞቼ ናቸው «ሸሸ» ያሉኝ። አባቴ ገንዘቡን ልስጥህ ብሏል።

የቀድሞው መላጣ፦ ይኸን መጀመሪያ ብትጽፍ ኖሮ። በል አሁን ቅንድብህን ወደ ላይ ሽቅብ አንሳ። ግንባርህ ላይ ከሚፈጠሩት መስመሮች የላይኛውን ያዝ። ከእሱ እስከ ፀጉርህ ድረስ ያለው ስንት ነው?

የማራኪ ልጅ፦ አንድ ጣት ያህል። ሁለቱም ጎን እኩል ነው።

የቀድሞው መላጣ፦ እሱ መላጣ አይመስልም። የልጅነት ግንባር ወደ ጎልማሳ ሲቀየር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከ17 እስከ 20ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሚያጋጥም ነገር ነው። በየሦስት ወሩ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን፣ ፀጉርህ ደረቅ ሆኖ ፎቶ አንሳ። ጠርዙ ላይ ያለው ፀጉር እየቀጠነ ከሄደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ጋ ግባ። ክብ ክብ ሆኖ ከተላጠ ደግሞ ላሽ ወይም ቆረቆር ሊሆን ስለሚችል ሳትውል ሳታድር ሂድ። የአባትህን ገንዘብ አትንካው።

የማራኪ ልጅ፦ ጓደኞቼን ምን ልበላቸው?

የቀድሞው መላጣ፦ ቅንድባቸውን ያንሱ በላቸው።