መልስ፦ የጥንት ግሪኮች የፈውስ አምላክ ማን ነበር?

«የፈውስ አምላክ አፖሎ ነው ወይስ አስክሌፒዮስ? የሕክምና ዓርማ ላይ ያለው እባብስ የማን ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ፈዋሾቹ ሁለቱም ናቸው። አፖሎ ቸነፈርን የሚልክም የሚያነሳም አምላክ ነበር። በሽተኛው በብዛት ደጅ የሚጠናው ግን ልጁን አስክሌፒዮስን ነው።

በአፈ ታሪኩ እናቱ ኮሮኒስ ሰው ናት። ሕክምና ያስተማረው ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነው ኪሮን ነው። ጥበቡ እያደገ ሄዶ ሙት እስከ ማስነሳት ደረሰ። የአማልክት ንጉሥ ዜውስ ይሄን አልወደደም፤ በመብረቅ መትቶ ገደለው። ከግሪክ ተረቶች ሁሉ እኔን ልቤን የሚነካኝ ይሄኛው ነው። የተቀጣው ሰው በማዳኑ ነዋ!

ስመ ጥሩው መቅደሱ ኤጲዳውሮስ በምትባል የግሪክ ከተማ ነበር። በሽተኛው ታጥቦ፣ መሥዋዕት አቅርቦ፣ ለዚሁ በተለየ አዳራሽ ይተኛል። አምላኩ በሕልሙ መጥቶ እንዲፈውሰው ወይም መድኃኒቱን እንዲነግረው ይጠብቃል። ዳኑ የተባሉ ሰዎች ታሪክ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ዛሬም አለ። ቆሮንቶስ ላይ ደግሞ ከሸክላ የተሠሩ እጆች፣ እግሮችና ጆሮዎች በቁፋሮ ተገኝተዋል። የስለት ስጦታዎች ናቸው።

ሴት ልጆቹንም አትርሳ። ሂጊያ የጤንነት፣ ፓናኬያ ደግሞ ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት አማልክት ናቸው። ጥንታዊው የሐኪሞች ቃለ መሐላ፣ የሂፖክራተስ መሐላ፣ የሚጀምረው በአፖሎ፣ በአስክሌፒዮስና በእነዚህ እህትማማቾች ስም ነው።

እባቡን በተመለከተ፣ የአስክሌፒዮስ በትር ላይ የተጠመጠመው አንድ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዓርማ ላይ የምታየው እሱን ነው። ሁለት እባብና ክንፍ ያለው በትር የሄርሜስ ነው፤ እሱ ደግሞ የነጋዴዎችና የመንገደኞች አምላክ ነበር።