ካህናት የነገሡበት ተራራ፦ ስለ ሐስሞናውያን ጥያቄና መልስ

ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ተራራ ሆነው ይሁዳን ስለገዙት የካህናት ቤት፣ ስለ ሐስሞናውያን፣ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሥልጣኑን እንዴት ያዙት?

በሽፍትነት ነው የጀመሩት። የሶርያው የግሪክ ንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ በ167 ዓ.ዓ. ቤተ መቅደሱን ሲያረክስ፣ ማታትያስ የሚባል የሞዲን ካህን አምስት ልጆቹን ይዞ ጫካ ገባ። ልጁ ይሁዳ በ164 መቅደሱን አነጻ። የሊቀ ካህንነቱ ሹመት ግን የመጣው ከባዕድ እጅ ነው፤ ለይሁዳ ወንድም ለዮናታን በ152 የሰጠው የሶርያን ዙፋን ይሻማ የነበረው እስክንድር ባላስ ነው። ለወንድሙ ለስምዖን ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ አጸደቀለት፤ ያውም «የታመነ ነቢይ እስኪነሣ ድረስ» ብሎ። ይህችን ቅድመ ሁኔታ ልብ በሉልኝ።

ጥያቄ፦ ክህነት የሌዊ፣ መንግሥት የይሁዳ አይደለም እንዴ? ዖዝያን እንኳ ላጥን ብሎ ገብቶ ለምጽ ወጣበት።

ጥሩ ጠየቅህ። ዖዝያን ንጉሥ ሆኖ ጥና ያነሣ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ካህናት ሆነው ዘውድ የደፉ። መጀመሪያ ላይ «ንጉሥ» ለማለት አልደፈሩም። የስምዖን ልጅ የዮሐንስ ሂርቃኖስ ገንዘብ ላይ የተቀረጸው «ዮሐንስ ሊቀ ካህናትና የአይሁድ ማኅበር» የሚል ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ እንደሚለው ግብዣ ላይ አንድ ሰው «ሊቀ ካህንነቱን ተውና ሕዝቡን መግዛት ይብቃህ» ብሎት ነበር፤ ሂርቃኖስም ይህ የፈሪሳውያን ሐሳብ ነው ብሎ ተቆጥቶ ከእነሱ ጋር ተቆራረጠ። ዘውዱን በ104 የጫነው ልጁ አርስጦቡሎስ ነው፤ አንድ ዓመት ገዝቶ ሞተ። እኔ በግብዣው ላይ የተናገረው ሰውዬ ልክ ነበር እላለሁ። መሠዊያውና ሠራዊቱ በአንድ እጅ ከገቡ በኋላ ንጉሡን የተቃወመ ሁሉ ቤተ መቅደሱን የተቃወመ ይመስል ነበር።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ ይወዳቸው ነበር?

የአርስጦቡሎስን ወንድም፣ ንጉሥ እስክንድር ያናይን (103–76) ብቻ እንይ። በዳስ በዓል ሰው ሁሉ ዘንባባና ትርንጎ ይዞ ይመጣል። ንጉሡ የክህነት ልብሱን ለብሶ ሊሠዋ መሠዊያው ፊት ሲቆም ሕዝቡ በያዘው ትርንጎ ወገረው፤ «የምርኮኛ ልጅ ነህ፣ ለዚህ አትገባም» እያለ ሰደበው። ያናይም ወታደሮቹን ለቀቀባቸው፤ እንደ ዮሴፈስ አቆጣጠር 6,000 ያህል ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ እንዳይቀርበው መሠዊያውን በእንጨት አጥር አጠረ። በግብዣ ላይ ተቀምጦ 800 ሰው ሲሰቀል ያየም እሱ ነው። ሊቀ ካህናት ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው።

ጥያቄ፦ ሴት ነግሣለች የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ሚስቱ ሰሎሜ እስክንድራ፣ ከ76 እስከ 67። ለመሠዊያው ሴት ስለማትቀርብ ሊቀ ካህንነቱን ለልጇ ለሂርቃኖስ ዳግማዊ ሰጠች። ሁለቱ ሥልጣኖች በተለያየ ሰው እጅ የነበሩበት ዘመን ይኸው ነው፣ ሰላሙም የተሻለው።

ጥያቄ፦ እንዴት ጠፉ?

ሁለቱ ልጆቿ ተጣሉ፤ ፍረድልን ብለው የሮሙን ጄኔራል ፖምፔን ጠሩ። በ63 ተራራውን ሦስት ወር ከበበ። አይሁድ በሰንበት የሚዋጉት ሲመቷቸው ብቻ መሆኑን ስላወቀ፣ በሰንበት ቀን ሳይተኩስ የአፈር ድልድሉን ብቻ ያስቆልል ነበር። ሲገባም ካህናቱ መሥዋዕታቸውን ሳያቋርጡ እዚያው ታረዱ። እሱ ቅድስተ ቅዱሳን ድረስ ገባ፤ ንዋየ ቅድሳቱን ግን አልነካም። የመጨረሻው አንጢጎኖስ በ40 ሲነግሥ የአጎቱን የሂርቃኖስን ጆሮ ጎዳ፤ አካሉ የጎደለ ካህን አያገለግልምና ዳግመኛ ሊቀ ካህናት እንዳይሆን ነው። እሱንም ሮማውያን በ37 አንጾኪያ ላይ ገደሉት፣ ሄሮድስም ነገሠ።

ጥያቄ፦ የእኛ መጽሐፈ መቃብያን ስለ እነሱ ነው?

አይደለም። ከእኛ ሦስቱ መቃብያን በመጀመሪያው ያለው መቃቢስ ከነገደ ብንያም ነው፣ ንጉሡም ጺሩጻይዳን ይባላል፤ ታሪኩ ሌላ ነው። የሐስሞናውያንን ታሪክ በግእዝ የምታገኙት በዮሴፍ ወልደ ኮርዮን፣ በዜና አይሁድ ነው። ትርጓሜውን የሚያውቅ አባት አጠገባችሁ ካለ ከእሱ ጋር አንብቡት።